ለዳልቻ ያልነገርነው

እቴቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ላማችንን ዳልቻን ሲያልቡ ወሬ ይነግሯት ነበር። ደባርቅ ገበያ ውለው ሲመለሱ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ልጁን እንደ ዳረ፣ ምንም አያስቀሩባትም። እኔ ጥጃዋን ይዤ ዝም ብዬ እሰማለሁ። "አንቺ ልጅ፣ ሰው ማፈርሽስ ይሁን፤ ላምም ታፍሪያለሽ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እሳቸውን ከቀበርን በኋላ ዳልቻ ወተቷን ለማንም አልሰጥ አለች። በሦስተኛው ቀን ጡቷ ተወጥሮ ጋለ። አባቴም "ጡቷ ከታመመማ ላሚቷም አበቃላት" አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ማለቢያውን ይዤ ገባሁ። እቴቴ ይቀመጡባት በነበረችው ድንጋይ ላይ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ከአጠገቧ ቁጢጥ አልሁ። ምን እንደምነግራት ጨነቀኝ። በመጨረሻ፣ "ዳልቻ፣ እቴቴ እኮ ሞቱ። ለዳባትም ለዛሪማም ዘመድ ሰው ልከን አንቺን ረሳን" አልኋት። ከዚያ ቀብሩን፣ ለቅሶውን፣ ከሩቅ የመጣውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋት። እያወራሁ ሳለ ወተቱ መጣ።

አሁን ገበያ ስሄድ ሰው አስቁሜ "ምን ወሬ አለ?" እላለሁ። ሰዎቹ ምን ነካት ይላሉ። እኔም አፍራለሁ፤ ግን ባዶ አፌን ወደ ዳልቻ አልመለስም።