ጋሽ ዳኛቸው ድንኳናቸውን ያወረዱ ዕለት

ግሩም ጋሽ ዳኛቸውን በደንብ አያውቃቸውም። ይሄን ሰመር ሙሉ ከጎናቸው ድንኳን ተክሎ እጃቸው የት እንደገባ የት እንደወጣ ሲከታተል ኖሮ፣ ስለ ሰውየው የሚያውቀው ቢጻፍ ከአንድ ናፕኪን አያልፍም። አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ፣ ኖርክሮስ ይኖራሉ። ስድሳን ተሻግረዋል። ግራጫ ፒካፕ ይነዳሉ። ሚስት ይኑራቸው፣ ልጅ ይኑራቸው፣ የነገረው የለም። በእርግጠኝነት የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እኚህን ሰው ዝናብ አግኝቷቸው አያውቅም።

ይህቺ አንዷ ነገር ግሩምን እንቅልፍ ትነሳው ነበር።

ግሩም እዚያው አቅራቢያ ዱሉዝ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። ሚስቱ አፀደ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። ሰመር ሲመጣ ዓርብ ዓርብ ኦፍ ይጠይቁና ምድጃ፣ ድንኳንና ሦስት የበረዶ ሳጥን ኩለር ቫናቸው ላይ ጭነው፣ ከአትላንታ አንድ ሁለት ሰዓት ወደሚርቅ እርሻ ይነዳሉ። እዚያ ወጣቱ ሁሉ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን እያደረ ሙዚቃ ይሰማል። አፀደ ምስር ወጥና ጎመን በእንጀራ እየጠቀለለች ትሸጣለች። ከፊት «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ከሰቀሉ ወዲህ ሰልፍ አጥተው አያውቁም፤ ሰዓቱን ካወቁበት ማለት ነው።

ችግሩ ሰዓቱን ማወቁ ላይ ነው። የጆርጂያ ሙቀት ሰውን እንደ ድንች ይቀቅላል። እኩለ ቀን ላይ ያ ሁሉ ወጣት ዛፍ ሥር ተዘርሮ ውሃ ብቻ ይጠጣል፤ ምግብ ቢያሳዩት ፊቱን ያዞራል። ታዋቂ ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ ወደ ምግብ ድንኳኖቹ ዝር የሚል የለም። ከዚያ በሁለት ባንዶች መካከል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተርቦ ይመጣል። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ከጥድ ዛፎቹ ጀርባ ደመናው ይቆለላል። ደመናው አንዳንድ ቀን ይፈርጥና ሜዳውን ቀይ ጭቃ ያደርገዋል፤ አንዳንድ ቀን ዝም ብሎ ወደ ሌላ ካውንቲ ይሄዳል። መብረቅ ከታየ ሙዚቃው ይቆማል፤ ሰዉም ወደየመኪናው ይባረራል። እንግዲህ ማብሰሉም፣ መክፈቱም፣ መዝጋቱም የደቂቃ ጉዳይ ነው።

ጋሽ ዳኛቸው ደቂቃዋን ያውቋታል። የሚሸጡት የምስር ሳምቡሳና በረዶ የገባበት የዝንጅብል ሎሚናት ነው፤ ሌላ የለም። በሰኔው ፌስቲቫል ግሩም «ቀድመን እንገኝ» ብሎ ሦስቱንም ድስት ለእኩለ ቀን ሲያደርስ፣ እሳቸው ፒካፓቸው ጥላ ሥር ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተኝተው ነበር።

«ሽማግሌው ለመተኛት ነው የመጣው» ብሎ ሳቀ ግሩም።

ማምሻውን፣ በፈረንጅ ሰዓት አምስት ተኩል ላይ ጋሽ ዳኛቸው ተነሡ፤ ፊታቸውን ታጠቡ፤ ዘይታቸውን ጣዱ። ስድስት ሲሆን አርባ ሰው ተሰልፎላቸዋል። የግሩም ምስር ያን ጊዜ ኮምጥጦ አረፋ ይዞ ነበር።

በሐምሌው የባሰው መጣ። ፀሐይዋ ግንባር በምታቃጥልበት ሰዓት ጋሽ ዳኛቸው ካስማቸውን መንቀል ጀመሩ። ግሩም አሁንም ሳቀ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነፋሱ መጥቶ ድንኳኑን እንደ ጃንጥላ ገልብጦ ወሰደበት። አፀደ ጎመን የሞላ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ዝናብ ውስጥ ቆማ፣ የታሸገች ደረቅ ፒካፕ ውስጥ ቁጭ ያሉትን ሰውዬ አየቻቸው። ከዚያ ዞራ ባሏን አየችው። ግሩም ያቺን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚጠራው ስም አንድ ሆነ። «ጋሽ ዳኛቸው ቢሆኑ ይሄን በረዶ ከታች ነበር የሚያደርጉት።» «ጋሽ ዳኛቸው ቢሆኑ ጀርባቸውን ለምዕራብ ፀሐይ አይሰጡም።» አንድ ቀን ግሩም ልብስ ማጠቢያው ሲበላሽ «ለምን ዳኛቸውን አትጠሪውም?» አላት።

«እሳቸው በል! አባትህ ይሆናሉ።»

«በአሥራ ሁለት ዓመት ነው የሚበልጠኝ፤ ምን አባቴ ነው!»

«እንዴት እንደሚያውቁ ለምን አትጠይቃቸውም ታዲያ? አፍ የለህም?»

ይሄን ነው የማያደርገው። መጠየቅ ማለት ለግሩም ሰውየው እንደሚበልጡት በገዛ አፉ መመስከር ነው።

ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ለሰመሩ የመጨረሻ ፌስቲቫል ዓርብ ጠዋት ወደ ደቡብ ሲነዱ፣ አፀደ ውስጧ የከረመውን አወጣችው።

«ግሩም፣ ቁርጡን ልንገርህ። ይሄም እንደ በፊቶቹ ከሆነ፣ በሚመጣው ሰመር እኔ ከጋሽ ዳኛቸው ጋር ባንድ ድንኳን ነው የምሠራው። አንተ ቅዳሜህን ቤትህ ተኛ።»

«እኔን ትተሽ?»

«ድንኳን አልኩ እንጂ ትዳር አልኩ?» አለች። ሳቀች ደግሞ፤ ሳቋ ነው የበለጠ ያበገነው።

ግሩም እስኪደርሱ በልቡ መላ መታ። መጠየቅ ካልቻለ መቅዳት ይችላል። ሰውየው ያደረጉትን ሁሉ፣ ያደረጉበት ደቂቃ ላይ፣ ያደርጋል። ማንም አያውቅበትም።

እንዳለውም አደረገ። ጋሽ ዳኛቸው ከድንኳናቸው በላይ በኩል ትንሽ የጎርፍ ቦይ ቆፈሩ፤ ግሩም አካፋ ተውሶ ቆፈረ። ፎጣ በበረዶ ውሃ ነክረው አንገታቸው ላይ ጣሉ፤ ግሩም የአፀደን የእጅ ማድረቂያ ነከረ። እኩለ ቀን ላይ ተኙ፤ ግሩም ቫኑ ሥር ተጋድሞ ባንድ ዓይኑ ጠበቃቸው። ሲነሡ ተነሣ። እሳት ሲለኩሱ ለኮሰ። ማዶ ባርኔጣና ማራገቢያ የምትሸጠው የክላርክስተኗ ናዲያ ይሄን ሁሉ እያየች፣

«ግሩም፣ ሽንት ቤት ሲሄዱስ ትከተላቸዋለህ?» አለችው።

«ሥራሽን ሥሪ!» አላት።

ያን ዕለት ድስቱ ተሟጦ አለቀ። አፀደ ላቧን በክንዷ እየጠረገች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ባሏን በፍቅር አየችው። «ዛሬ ምን ነካህ? ሰዓቱን እንዴት አገኘኸው?»

«አየሩን አነበብኩታ» አለ ግሩም።

ግን ደስታው አልጣመውም። ምስጋናው የሌላ ሰው ጃኬት ለብሰው እንደተነሡት ፎቶ ሆነበት። ከጎን ጋሽ ዳኛቸው መጥበሻቸውን እያጠቡ ቀና ብለው «ቀናችሁ ዛሬ» አሉ፤ በቅንነት። ግሩም «ተመስገን» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ሙቀቱ ባሰ። ስልኩ ለዝናቡ አርባ ፐርሰንት ይላል፤ ትናንትም አርባ ፐርሰንት ብሎ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ዋናው ባንድ የሚወጣው ማታ ስለሆነ አፀደ ከትናንቱ እጥፍ አዘጋጅታለች። ከሰዓት በኋላ አራት ሰዓት ገደማ ግሩም እንደ ልማዱ ወደ ጎን ቢያይ፣ ጋሽ ዳኛቸው ገመድ እየፈቱ ነው።

ወደ ሰማይ ቀና አለ። ከጥዶቹ በላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተከመረ ነጭ ደመና አለ፤ ሥሩ ጠቆር ብሏል። በሐምሌም እንደዚሁ ነበር የጀመረው። ጋሽ ዳኛቸው ካስማ ነቀሉ። ጣሪያውን አወረዱ። መጥበሻቸውን፣ ኩለራቸውን ወደ ፒካፓቸው ጫኑ። ግሩም ከገመዱና ከካስማው ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«አፀደ፣ እናውርድ!»

«ምን? ገና ሰዉ ሊመጣ?»

«ሊጥለው ነው እልሻለሁ።»

«ትናንትም ይሄው ደመና ነበር።»

«ትናንት ያልኩሽ ልክ አልነበረም? እመኚኝ እንጂ!»

አመነችው። ያን ያህል ዓመት አብራው ኖራ፣ ያቺን አንድ ቀን አይታ አመነችው። እየተሯሯጡ አወረዱ፤ ትኩሱን ድስት በብርድ ልብስ ጠቀለሉ፤ ሁሉንም ቫኑ ላይ ጫኑ። መቸኮል ነበረባቸው። ከአምስት ሰዓት በኋላ ሕዝቡ ስለሚበዛ በሻጮች በር መኪና አይገባም፣ አይወጣም። የጋሽ ዳኛቸው ፒካፕ ከፊታቸው ወጣ። እነሱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ወጥተው በሩን አልፎ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ቆሙ። ፒካፑ ግን አልቆመም፤ አቧራውን እያስነሣ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ።

ግሩም መስኮት ዘግቶ ዝናቡን ጠበቀ።

አምስት ተኩል ሆነ። ደመናው ሳሳ። ስድስት ላይ ተበታተነ። ስድስት ተኩል ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከሰኔ ወዲህ ያልተሰማ ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ ያ ሙቀት የዘጋው ሆድ ሁሉ ተከፈተ። ካሉበት ሆነው ይታያቸዋል። የፒዛው ሰልፍ ዞሮ ዞሮ ናዲያ ባርኔጣዎች ጋ ደርሷል። የእነሱ ቦታ ላይ አራት የካስማ ቀዳዳና አንድ ቦይ ብቻ ቀርቷል። ግሩም ዘበኛውን ሄዶ ለመነ። ዘበኛው ትህትና ያለው ሰው ነበር፤ እያዘነለት «እስከ ነገ ጠዋት አይቻልም» አለው።

አፀደ ኩለር ላይ ተቀምጣ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ድስት እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፋ የፒዛውን ሰልፍ ታያለች። ናዲያ ከመኪናዋ ተጨማሪ ባርኔጣ ልትወስድ መጥታ ስታያቸው ሳጥኗን መሬት አስቀመጠች።

«እዚህ ምን ታደርጋላችሁ? ድስቱ አለቀ ብዬ!»

«ሊዘንብ ነው ብለን ነው» አለች አፀደ።

«ማነው ያለው?»

ግሩም አመነታ። «ጋሽ ዳኛቸው አወረዱ አይደል?»

ናዲያ አፏን ያዘች። «እሳቸው እኮ ሸሚዝ ቀይረው፣ በፒካፑ መስታወት ፀጉራቸውን አበጥረው ነው የወጡት! ነጭ ሸሚዝ! ለዝናብ የሚበጠር ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አላየም ነበር። ሲያይ የነበረው ገመዱን ነው።

ናዲያ ሳጥኗን ይዛ ከሄደች በኋላ አፀደ ድስቱን አስቀመጠች። «ትናንት ያነበብከው አየሩን ነው ወይስ ሰውየውን?»

ግሩም ጎንበስ ብሎ የብርድ ልብሱን ጫፍ ድስቱ ላይ መለሰ።

«ተወው። ነገ ጠዋት ሲመጡ አንተ ራስህ ሄደህ ትነግራቸዋለህ። አፀደ ከእርስዎ ጋር መሥራት ትፈልጋለች ትላቸዋለህ። በራስህ አፍ።»

ሊቆጣ ፈልጎ የሚቆጣበት ምክንያት አጣ።

እሑድ ጠዋት ግራጫዋ ፒካፕ ተመለሰች። ጋሽ ዳኛቸው የሰሌን ኮፍያቸውን ደፍተው፣ እንደ ወትሯቸው የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ምሰሶ ማቆም ጀምረዋል። ግሩም ከቫኑ እስከዚያ ያለችውን አሥራ አምስት እርምጃ ሲሄድ አንድ ሺሕ መሰለችው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት ማታ በደንብ ሸጣችሁ?»

ሙድ እየያዙበት እንደሆነ ለማወቅ ፊታቸውን አየ። አልነበረም። ያኔ ሁሉንም ነገራቸው። ከሰኔ ጀምሮ ሲቀና እንደኖረ አላለም፤ የቀዳውን ብቻ፣ የነቀለውን ብቻ፣ አፀደ ያለችውን ብቻ ተናገረ። ጋሽ ዳኛቸው አልሳቁበትም። ጥፋቱ የእሳቸው ይመስል «ወይኔ፣ ወይኔ» አሉ።

«ግን እንዴት ነው የሚያውቁት?» ብሎ አፈነዳው በመጨረሻ። «ዝናቡን፣ ሰዓቱን።»

«ምኑን? ይቺን ነዋ።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ፐርሰንቱን ሳይሆን ዝናቡን በካርታ የሚያሳየውን ራዳር ከፍተው አሳዩት፤ አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ። «ቀዩ፣ ኃይለኛው ዝናብ ማለት ነው፣ ሃምሳ ማይል ውስጥ ከገባ አወርዳለሁ። ካልገባ ቁጭ እላለሁ። ባንዶቹ የሚወጡበት ሰዓት ደግሞ ዌብሳይታቸው ላይ አለ፤ ፕሪንት አድርጌ ሳጥኑ ላይ እለጥፈዋለሁ። ይኸው።»

የተለጠፈው ወረቀት ሁልጊዜም እዚያው ነበረ። ግሩም ጎንበስ ብሎ የወረቀቱን ጫፍ በጣቱ ነካው። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ሌሊት ጣሪያ ሲያይ ያደረው።

«ለሚመጣው ሰመር ያላችሁት ደስ ይለኛል» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። «ግን ሦስታችን ከሆንን ነው። እኔ ብቻዬን ይሄን ጣሪያ ሳቆም ወገቤ ይሰበራል። እስቲ ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዘላቸው። ሁለት ሆነው ሲስቡት ድንኳኑ በአንድ ትንፋሽ ቆመ። ግሩምን የአፀደ ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ ማለቁ ሊያሳርፈው ይገባ ነበር፤ ሆኖም ውስጡ ገና አንድ ነገር ይበላው ነበር። ራዳሩን ሰጡት፣ ሰዓቱን ሰጡት። ያቺ የትናንቷ ምስጢር ብቻ ቀረች። እንዲያ ያለውን ገበያ ጥሎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ የሚሄድበት ያለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በዚህም ቀናባቸው።

«ጋሽ ዳኛቸው፣ ትናንት የት ሄደው ነው?»

ጋሽ ዳኛቸው ካስማውን ከመሬት አንሥተው አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ።

«እሱን ተወው» አሉ።