ዓሣ ጋልባ የምትበረው ሴት

ማራኪ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ዘውዲቱ ቤት የተከራየው ሰዓሊ ኤግዚቢሽን ከፈተና ሁለታችንንም ጠራን። ሄደን ዞር ዞር ስንል ምን አየሁ መሰላችሁ? አንድ ሥዕል ላይ አንዲት ሴት በውስጥ ልብስ ብቻ፣ ዓሣ ጋልባ ከነገሥታቱ ግንብ በላይ ትበራለች። ፊቷ ቁርጥ የዘውዲቱ ልጅ የሺ! ለየሺ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ የሰርጓ ቀን ተቆርጧል። የሙሽራው ወገኖች ይህን ካዩ ጉድ ፈላ ብዬ፣ እናትየው ሳታይ ልወስዳት ነጠላዋን ያዝሁ።

«ነይ እቴ፣ ወዲያ ማዶ ሸጋ ሸጋ አለ።»

«ምነው ትጎትቺኛለሽ? ልየው እንጂ!»

«ልጅሽን እኮ ነው የሣላት!» አመለጠኝ።

ዘውዲቱ ሳቀች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አረንጓዴ የአንገት ንቅሳቷን አሳየችኝና፣ «ሥዕሉ ላይ ይኼ የለም? የሺ መች ተነቀሰች? እንዲሥለኝ የተቀመጥሁለት እኔ ነኝ!» አለችኝ።