እልል ያለው ማነው?

የታሰርኩት በእልልታ ነው። ቀልዴን አይደለም።

ካርቱም ውስጥ በግንበኝነት ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እሑድ አገር ቤት፣ አሶሳ አጠገብ ባምባሲ ላይ የእህቴ ሠርግ ስለሆነ፣ ሐሙስ ቀን ለሙሽራዋ ሽቶ ልገዛ ወጣሁ። ከአንድ ፎቅ ላይ እጇን ዱቄት የነካት ሴት ብቅ ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ሰዉ ከየበሩ ግር ብሎ ወጣ። እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ፣ እልልታ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ሠርግ መስሎኝ እልል እያልኩ፣ እያጨበጨብኩ ተቀላቀልኩ። ለካ የሰላማዊ ሰልፍ መጥሪያ ኖሯል! ሙሽራውን ስፈልግ ፖሊስ አገኘኝ።

የታጎርንበት ክፍል ላብና በረኪና ይሸታል፤ የምንቀመጠው በተራ ነው። እዚያ አንድ የአሶሳ ሽማግሌ አገኘሁ፣ የበርታ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ። ሠርግ መስሎኝ ገባሁ ስላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ወላሂ፣ ሙሽራው አንተ ሆንክ!»

በማግስቱ መኮንኑ አስጠራኝ። የአሶሳ ገበያ ዓረብኛዬ ሽንኩርት ይገዛ እንደሆነ እንጂ ከእስር አያስወጣም፤ ስለዚህ ሽማግሌው አስተርጓሚ ሆኑ።

«ሴት ነው የሚፈልጉት። እልል ብሎ ሰው የጠራው ሴት። ቤቱን ካሳየህ ዛሬ ትሄዳለህ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሴትየው ልጆች አለው ይሆናል» አሉኝ።

ቤቱን አውቀዋለሁ። እህቴን ደግሞ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ማን ሊድራት ነው? ፈራሁ። መኮንኑ ጠረጴዛውን መታ።

«እልል ያለው ማነው ይላል» አሉ ሽማግሌው።

በሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው። ልጅ ሳለሁ እንዲህ በሚናገር ሰው ስንቴ አሹፌያለሁ! ያን ቀን ግን መውጫ የሰጠኝ እሱው ነው።

«እልል ያለው እኔ ነኝ» አልኩ። ውሸትም አልነበረም።

«ወንድ እልል ይላል እንዴ?» አለ መኮንኑ በሽማግሌው በኩል።

«በእኛ አገር ይላል።»

«እስቲ አሰማን!»

ቆምኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁና እልል አልኩ። ድምፄ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቁን ሲያፍን፣ ከግድግዳው ማዶ የታሰሩት ሴቶች መለሱልኝ፤ መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሁሉም። መኮንኑ እስክሪብቶውን ወረወረና «ውሰዱልኝ!» አለ። ወደ ክፍሌ ማለቱ ነው።

እሑድ መጣ፣ ሠርጉ አለፈኝ። ያን ቀን ብቻ አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ለቀቁኝና ባምባሲ ስደርስ እህቴ፣ «ወንድሜ ሳይመጣ መልስ የሚባል የለም» ብላ ሁለቱን ቤተሰብ አስጠብቃ አገኘኋት።

የዚያች ሴት ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌው አሶሳ ተመልሰው ጨርቃቸውን ይሸጣሉ። ገበያ ስወጣ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «እልል ያለው ማነው?» ብለው ይጮሃሉ።

ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እኔ ነኝ!» እላለሁ።