የመኪና ማቆሚያው ኮሎኔል

የሆስፒታሉን መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ ካፖርታቸው ቢያረጅም ቁልፉ እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጦር ስለመሩ ሁሉም «ኮሎኔል» ይላቸዋል። አንድ ሕግ አላቸው፤ መኪና የሚቆመው በኋላ ማርሽ ገብቶ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ነው። ዶክተርም ቢሆን ምሕረት የለም።

ትናንት አንድ ባለታክሲ ደጋግሞ ሞክሮ አልሆን ሲለው ተማረረ።

«ኧረ ኮሎኔል! ያን የሚያህል ከተማ በአንድ ጀምበር የያዙ ሰው፣ በእኔ ላይ ምን አስጨከነዎት?»

ከት ብለው ሳቁ። «በመያዙማ ማን እንደ እኔ!»

«ና! ትንሽ ወደ ግራ! በቃ!» እያሉ አስገቡት። ከዚያ የመኪናውን ጣሪያ መታ መታ አድርገው፣ ዓይናቸውን ወደ በሩ ጣሉ።

«ልጆቼንም ያኔ ከተማው ውስጥ አሳምሬ ነበር ያስገባኋቸው» አሉ። «መውጫውን ነው ያላሰብኩላቸው።»