ከውጭ የተቆለፈው የወንድሜ በር

ታናሽ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው ስለ ክርስቶስ ሳይነግር አይሸኝም። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈርተኛው «ሰባኪው ሜትር» ይለዋል። እሁድ እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔ ግቢ ባለችው የስፌት ክፍሉ አስራ አንድ ሰው ሰብስቦ ያስተምራል። እኔ እምነቱ ውስጥ የለሁበትም። ግን ወንድሜ ነው፤ ምን ላድርገው?

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቁርጡን ነገሩኝ። «የፊታችን እሁድ ከሰበሰበ፣ ብትታመሚ የሚጠይቅሽ፣ ብትሞቺ የሚቀብርሽ የለም።» ወንድሜን ለመንኩት። «እትዬ፣ የመጣን ሰው እንዴት ብዬ እመልሳለሁ?» አለኝ። ከሁለት ያጣ ጎመን ልሆን ነው ብዬ ተናደድኩና ጓጉንቸር ገዛሁ።

እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዱ የታመመ ሊጠይቅ ወጥቷል ብዬ በሩን ከውጭ ቆለፍኩት። ትንሽ ቆይተው ሽማግሌዎቹ መጡ። «ዘግቼዋለሁ፤ ማንም የለም» አልኳቸው አፌን ሞልቼ።

ያን ጊዜ ከውስጥ የታፈነ ሳል ተሰማ። በሩን ተደግፌ ስለቆምኩ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለካስ እኔን ላለማስቸገር ብሎ ሰዎቹን ገና ሲነጋ አስገብቷቸው፣ ድምፅ ሳያሰሙ እየጸለዩ ነው።

ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ ቁልፉን እኛ እንያዘው። አንቺ ሆደ ቡቡ ነሽ፤ ነገ ትከፍቺለታለሽ።»

ብሰጣቸው አስራ ሁለት ሰው ተቆልፎበት ሊቀር ነው። ብከፍት ደግሞ አለቀልኝ። «መጀመሪያ ትንሽ ልጥረገው» አልኩ።

«የተዘጋ ቤት ምን ይጠረጋል?» አሉ።

ከበሩ ጀርባ ወንድሜ ተናገረ። «እትዬ፣ ስለ እኛ ብለሽ አትዋሺ። ክፈቺው። አባቶቼ፣ እሷ መግባታችንን አታውቅም።»

ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ አንዲት አሮጊት ከተንበረከኩበት ገና አልተነሱም።

«ካላወቅሽ ጥፋት የለብሽም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ለስለስ ብለው። «አሁኑኑ ውጡ በያቸውና ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ።»

ማምለጫዬ ይኸው ነበር። ወንድሜ ራሱ ነው የሰጠኝ። እሱ ግን ዓይኔን ማየት አልፈለገም፤ አሮጊቷን ደግፎ እያስነሳ ነበር።

«ሲገቡ አላወቅኩም» አልኩ። «ይውጡ ግን አልልም።»

ሽማግሌዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሰፈሩ ሰላም የሚለኝ የለም።