በአጎቴ ስም የገዛኋት የጭነት መኪና

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁና ልናዘዝ። በደርግ ዘመን አምቦ ሳስተምር፣ «መምህርቷ ነጋዴ ሆነች» መባሉን ፈርቼ፣ አሮጌ የጭነት መኪና በአጎቴ በኦቦ ገመቹ ስም ገዛሁ። የጭነት ዋጋ በመውደቁ መኪናዋን ሥራ ላይ ያቆያት የሾፌሩ የታደሰ ትጋት ብቻ ነበር። እሱም ምስጢሬን የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ቀን ጊንጪ ላይ አውቶቡስ ሲጠፋ ታደሰ ቆመና ጋቢና አስገባኝ።

«ባለቤቱ በወረደ ዋጋ እህል ያስጭነኛል፤ ጎማ ግን አይገዛም» አለኝ። «ነገ ቁልፉን ለኦቦ ገመቹ እመልሳለሁ።»

«እሳቸው እኮ ደግ ሰው ናቸው» አልኩ እየተርበተበትኩ።

«ደግማ ናቸው፤ ማንበብ ግን አይችሉም» ብሎ ሳቀ። «የምልክላቸውን የጉዞ ሪፖርት በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ከአሥር ስድስት ሰጥተው የሚመልሱልኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ መምህርት? ጎማውን መቼ ነው የሚገዙልኝ?»