ከሆቴሉ የወሰዱኝ ዓርብ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብቼ ገና ቁልፌን ሳላስቀምጥ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር አብረን ተምረናል። አሁን ሯጭ ሆናለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ወጥታ እዚህ፣ ከእኔ ቤት ብዙም በማይርቀው ኦክላንድ ላይ ማራቶን ልትሮጥ ነው፤ ያስጨነቃት ግን ሩጫው አልነበረም።

«እትዬ ሰዓዳ፣ የት ልረፍ?» አለችኝ። «ሆቴል ይዘውልኛል። ግን ፍሪሞንት ዘመድ አለኝ፣ ዳሊ ሲቲ ደግሞ የጓደኛዬ እህት አለች። ሁለቱም እኔ ጋ ካልመጣሽ እያሉኝ ነው።»

የማውቀውን ነገርኳት። መነሻው አጠገብ እደሪ፣ በእግርሽ ሄደሽ በእግርሽ የምትመለሺበት ይሁን። እሁድ ጠዋት ባቡሩ አርፍዶ ነው የሚጀምረው፤ መንገዱም ይዘጋጋል። መስኮቱ ወደ ጎዳና የማይከፈት ክፍል ጠይቂ። ሰው ቤት ካደርሽ ብዪ ጠጪው፣ ተጫወቺው አያስተኛሽም። «ዘመድ በኋላ ይጠየቃል» አልኳት በመጨረሻ። ቃሉ የእኔ አልነበረም። አባቴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ በዚሁ ጉዳይ፣ ወደዚሁ ከተማ ልመጣ ስል የነገረኝ ነው። ልጅቷን በደህና ተሰናብቼ ወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ራት መሥራቱን ተውኩት።

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። መሮጥ ስጀምር ገበያ ላይ ያለው ቁምጣ ለእኔ እንደማይሆን ስላወቀ፣ ከሚለጠጥ ጨርቅ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪ ሰፋልኝ። የመጀመሪያው ጉልበቱ ላይ ተተረተረ፣ ሁለተኛው ጠበበኝ። ሦስተኛውን ለብሼ ወደ ደሴ የሚወጣውን ዳገት ተያያዝኩት። ጎረቤት መጥቶ «ልጅህ በአደባባይ ስትሮጥ አይተናታል» ሲለው፣ «ስፌቱስ ያዘ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

የኦክላንዱ ሩጫ ሲመጣልኝ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የአባቴ ታናሽ እህት ከዲጃ ሳን ሆዜ ትኖራለች፤ ከባሏ ከጋሼ ሙሔና እዚያው ከተወለደችው ልጃቸው ከሰሚራ ጋር። ማረፊያ ስንመርጥ ቤተሰቡ ሁሉ «ከዲጃ እያለች ሆቴል?» ብሎ ተንጫጫ። አባቴ ነው ያስቆመው። «ሩጫው ያለበት ትደር። ዘመድ በኋላ ይጠየቃል» አለ፤ በዚያው አለቀ።

ሐሙስ ገባሁ። ሆቴሉ ሐይቁ አጠገብ ነበር። ዝይዎች ሣሩ ላይ እየተንጎራደዱ ሰውን ሲያሳድዱ በመስኮት ይታያሉ። ጸደይ ስለነበር ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ ለምልሟል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ ለሩጫ የተሠራ የሚመስል። ሱሪዬን፣ ካልሲዬንና የሩጫ ቁጥሬን ወንበሩ ላይ ደርድሬ ለአባቴ ደወልኩ።

«መነሻው በመስኮት ይታየኛል» አልኩት።

«በሩን ቆልፊ» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና «መጋረጃው ምን ዓይነት ጨርቅ ነው?» አለ።

ተነሥቼ ዳሰስኩት። ወፍራም ነው፣ ከኋላው እንደ ላስቲክ ያለ ነገር ተለጥፎበታል አልኩት። «ታዲያ ብርሃን አያስገባም፤ ጥሩ እንቅልፍ ይወስድሻል» ብሎ ዘጋ።

ዓርብ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለሁ ጋሼ ሙሔ መጣ። የአየር ማረፊያ ማመላለሻ የሚነዳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ወንበር ስስብለት አልተቀመጠም።

«ዕቃሽን ያዢ፣ ሰዓዳዬ። ወደ ቤት እንሂድ።»

«ምነው ጋሼ? ሩጫው እኮ እዚህ ነው።»

«እሁድ እኔ አደርስሻለሁ። ከዲጃ ገንፎ አሰናድታ እየጠበቀችሽ ነው።»

«አባባ እዚሁ እንዳድር ነግሮኛል።»

ዓይኑን ወደ ሐይቁ መለሰ። «አባትሽ ነው እኛ ጋ ትሁን ያለው» አለ።

ለትልቅ ሰው እምቢ አይባልም። ክፍሉን ለቅቄ ሻንጣዬን አስጫንኩ። ሳን ሆዜ እስክንደርስ ከጋሼ ሙሔ ይልቅ በአባቴ ነበር የተቀየምኩት። ሰው ሁሉ ፊት ለእኔ ወግኖ ተናግሮ፣ ከኋላዬ ቃሉን ያጥፋል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ በዚያ ወፍራም መጋረጃ ውስጥ ተኝቼ ሳለሁ አባቴ ልቡ ድንገት ቆሞ ሞቶ ነበር። አገር ቤት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀብረውታል። ጋሼ ሙሔ ቁርስ ላይ ሲደርስብኝ ነገሩ ሁሉ አልቋል። መርዶውን በስልክ፣ ብቻዬን፣ ሆቴል ውስጥ እንዳልሰማ ነው የወሰዱኝ። ከሩጫው በፊት ይነገራት፣ አይነገራት የሚለውን ደግሞ ያልተነጋገረበት ዘመድ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለው አሰልጣኜ «ብትሄድም ቀብሩ ላይ አትደርስ፤ ትሩጥና ይነገራት» አለ። ቃሉ ጸና።

አሰልጣኜ በአክስቴ ስልክ አነጋገረኝ። «እስከ እሁድ ስልክ አትንኪ። አእምሮሽ ይረፍ» አለኝ። ስልኬን ለአክስቴ አስረከብኩ። ሥራው እንዲህ ነው ብዬ አመንኩ።

ዓርብና ቅዳሜን እንግዲህ በዚያ ቤት አሳለፍኩ። አክስቴ ሳመችኝ፣ ለቀቀችኝ፣ እንደገና መጥታ ሳመችኝ። ገንፎውን በቅቤና በበርበሬ አቅርባ ከፊቴ ተቀመጠች፤ እሷ ግን አልቀመሰችም። ሌላውም ነገር ሁሉ ግራ የሚያጋባ ነበር። የበር ደወል ይጮኻል፤ ጋሼ ሙሔ ይወጣና መጪውን ሰው እዚያው ደጅ አነጋግሮ ይመልሰዋል። አክስቴ በየሰዓቱ ልብስ ልታጥብ ጋራዥ ትገባለች። ማጠቢያው ያጓራል፣ ማድረቂያው ያጓራል። አንድ ጊዜ ላግዛት ተከትዬ ገባሁ። ማድረቂያው ባዶውን ይዞራል፤ እሷ ግንባሯን ክዳኑ ላይ አስደግፋ ቆማለች።

«አክስቴ፣ አመመሽ?»

«ራሴን ነው፤ አብሽሪ» አለችኝና ፊቷን በሻሿ ጠረገች።

የሞተው እኮ ወንድሟ ነው። እንደ እናት ያሳደጋት ታላቋ። በገዛ ቤቷ ጮኻ ልታለቅስለት አልቻለችም፤ እኔ ስላለሁ።

ሰሚራ ያኔ ኮሌጅ ነበረች። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያቸው ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር እግሬን ሳፍታታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ «ሰዓዳ፣ አይ ኒድ ቱ…» ስትል እናቷ ከወጥ ቤት መስኮት «ሰሚራ!» ብላ ተጣራች። ልጅቷ ተነሥታ ገባች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሲጨቃጨቁ ይሰማኛል። የሰሚራ እንግሊዝኛ ፈጣን ነው፤ ያኔ ለእኔ ጆሮ አይያዝም። የአክስቴን አማርኛ ግን ሰማሁት፤ «ምን አቅም አለኝ? ምን አቅም አለኝ?» እያለች ነበር። ስለ እኔ መሆኑን አወቅሁ። እንግድነቴ የከበዳቸው መስሎኝ አፈርኩ። ወደ ሆቴሉ መልሱኝ ማለት አማረኝ፤ በምን አፌ!

እሁድ ገና ሳይነጋ አራታችንም መኪና ውስጥ ገባን። ስለ ሩጫው ብዙ የምለው የለኝም። የመጀመሪያው አጋማሽ ቀለለኝ፤ ዳገቱን ወጥተን ወደ ሐይቁ ስንመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። የሐበሻ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ «አይዞሽ! በርቺ!» ይላል። አንድ መታጠፊያ ላይ አክስቴን አየኋት። ጥቁር ሻሽ አድርጋ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣ ሰው ሁሉ በሚያጨበጭብበት መሀል ትንሰቀሰቃለች። የደስታ እንባ መሰለኝ። እጄን አውለበለብኩላት። ያን እጄን ዛሬም አየዋለሁ።

አምስተኛ ወጣሁ። ለዚያን ጊዜዋ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ከሰሚራ ጋር ተቀመጥኩ። ጨው ፊቴ ላይ ደርቋል፣ እግሬ እንደ እንጨት ሆኗል፣ ደስታዬ ግን ልክ የለውም። «ስልኬን» አልኩ። አክስቴ ከፊት ወንበር ዞር ሳትል «ቤት ነው ያለው» አለችኝ። «እንግዲያው የሰሚራን» አልኩ። ልጅቷ እናቷን አየች፤ እናቷ አልተንቀሳቀሰችም። ሰጠችኝ። አባቴ አላነሣም። አገር ቤት መሽቷል፣ ተኝቶ ይሆናል ብዬ ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት።

«አባባ፣ አምስተኛ ወጣሁ! ዳገታቸው የደሴን አያህልም። ከሆቴሉ ስላስወጣኸኝ ተቀይሜህ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ስትነሣ ደውልልኝ።»

ጋሼ ሙሔ ፍሪሞንት ላይ ከፍሪዌዩ ወጥቶ አንድ ነዳጅ ማደያ ገባና «ጎማው የጎደለ መሰለኝ» ብሎ ወረደ። ጎማውን አላየም። ጀርባውን ሰጥቶን፣ እጆቹን ከራሱ ላይ ጭኖ ቆመ።

«ማም፣ ፕሊስ» አለች ሰሚራ እያለቀሰች።

«ቤት ስንደርስ» አለች አክስቴ።

«ቤት ስንደርስ ምን?» አልኩ።

«ትበያለሽ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ፈራሁ። ምን እንደምፈራ አላውቅም፤ መጠየቅም አልቻልኩም። ዛሬ ሳስበው የፈራሁት መልሱን ነው፤ ካልጠየቅሁ ምንም አልሆነም።

መንገዳቸው በመኪና ተሞልቷል። የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ደፉ ላይ የሰው ጫማ ተከምሯል፤ የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃን፣ እስከ ሣሩ ድረስ። ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም።

«ማነው?» አልኩ።

አክስቴ እጄን ያዘችኝ። «ወንድሜ» አለች። አባትሽ ማለት አቃታት። «ወንድሜ ነው፣ ሰዓዳ። ወንድሜ።»

እንዲያ ሲባል ሰው ይወድቃል። እኔ መውደቅ አልቻልኩም። ማራቶን የሮጠ እግር አይታጠፍም፤ ጉልበቴ ቆልፎ እንደ ምሰሶ ቆሜ ቀረሁ። ሴቶቹ ወጥተው ከግራና ከቀኝ ያዙኝና ምንጣፉ ላይ አወረዱኝ፣ እንደ ዕቃ። እግሬን ዘርግቼ፣ የሩጫው ቁጥር ደረቴ ላይ እንዳለ ተቀመጥኩ። ቁጥሩን የነቀለልኝ ማን እንደሆነ አላስታውስም። የማስታውሰው አክስቴን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ይዛው የቆየችውን ለቅሶ ለቀቀችው፤ እኔም ድምፄ ሲጠፋ የእሷን እየሰማሁ አለቀስኩ።

ከዓመታት በኋላ እኔም እዚሁ ኑሮ መሥርቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ አንድ ቀን ከአክስቴ ጋር ሎሚ ስንለቅም ጠየቅኋት። ለምን በዚያው ዓርብ አልነገርሽኝም? ለሩጫው ብለሽ ነው?

«ሩጫው ምን አገባኝ» አለች። «ለእኔ ሞቷል፣ ለሙሔ ሞቷል፣ ላገሩ ሰው ሁሉ ሞቷል። አንቺ ዘንድ ግን ገና ነበር። አንቺ ስትቀየሚው ስሰማ እንኳ፣ ይኸው አለ፣ እል ነበር።»

ልቆጣት ነበር የጠየቅኋት። ቅርጫቱን ተቀብያት ገባን።

ዛሬ ሳን ሆዜም ሆነ ሳኒቬል ለአንድ ሰው መርዶ ሲመጣ፣ ከሚነግሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ደርሶባታልና ታውቃለች ብለው ይጠሩኛል። ማለዳ ከሰውየው ደጅ መኪና ውስጥ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። አንዱ «ቁርሱን ይብላ፣ ከዚያ» ይላል። ሌላዋ «አሁኑኑ ይወቀው፣ መብቱ ነው» ትላለች። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ። ሁለቱም ወገን ልክ ይመስለኛል፤ ሁለቱም አይጠቅመውም። የተሻለ ሰዓት ፈልጌ አጥቻለሁ። የሚሉትን ሰምቼ ስጨርስ ከመኪናው እወርዳለሁ፤ በሩን አንኳኩቼ፣ ሲከፈት አስቀድሜ እጁን እይዘዋለሁ።